የድድ ደም እና የአንጀት ደም

በገነተ ማርያም ከተማ ድዱ የሚደማ ሰው፣ እንደ ሌላው አገራችን ሁሉ፣ መጀመሪያ የሚሞክረው ለብ ባለ ውኃ የሟሟ ጨው ነው። ተቅማጥ ያስቸገረው ደግሞ «አሜባዬ ተነሣብኝ» ብሎ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል የተባለ መድኃኒት ይገዛል። ሁለቱም ባንድ ሰው ላይ ቢደራረቡ እንኳ የሚነገሩት ለየብቻ ነው፤ ጥርሱ ለጥርስ ሐኪም፣ ሆዱ ለሆድ ሐኪም። አፍና አንጀት ግን አንዱ የሌላው ቀጣይ ናቸው፤ ሁለቱም ሲቆስሉ አንዱ ሌላውን ሊያባብስ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ እየተበራከቱ መጥተዋል።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ነገር ነው። ብግነት በራሱ በሽታ አይደለም። ጀርም ወይም ጉዳት ሲደርስ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፣ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ጀርሙ ሲሸነፍ ይህ ሁሉ መብረድ ነበረበት። የማይበርድበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ መከላከያው ራሱ የገዛ ሥጋን መብላት ይጀምራል።

ድድ ላይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ጤነኛ ድድ ከጥርስ ጋር የሚፈጥረው ክፍተት ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢጠልቅ ነው። የጥርስ ሐኪም ጫፉ ደነዝ የሆነ፣ ሚሊሜትር የተሰመረበት ቀጭን ብረት በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ እያስገባ ይለካል። 4፣ 5፣ 6 እያለ ሲሄድና ብረቱ ሲወጣ ደም ሲከተለው፣ ከሥር ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከባድ የድድ በሽታ ያለበትን ሰው በዓለም ዙሪያ ወደ 1 ቢሊዮን ገምቶታል። እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ድድ መነቀስ። ለውበት የተነቀሱ አሉ፤ ድዴን ያጠነክርልኛል፣ መድማቱን ያቆምልኛል ብለው የተነቀሱም ብዙ ናቸው። ንቅሳቱ ብግነቱን አያቆመውም፤ ቅላቱን ግን ይሸፍነዋል። በተነቀሰ ወይም በተፈጥሮው በጠቆረ ድድ ላይ ቀለም አይታመንም፤ መታመን ያለበት ደሙ ነው። በጋራ መርፌ የተደረገ ከሆነ ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪም ሊከተሉት ይችላሉ።

አንጀት ላይ ያለው ግን አይታይም። የአንጀት ብግነት በሽታ የሚባሉት በዋናነት ሁለት ናቸው። አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን ያቆስላል፤ ስሙን እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1859 ጽፎታል። የክሮን በሽታ ደግሞ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊነሣ ይችላል፤ አፍ ውስጥ ቁስል ሆኖ የሚጀምርበትም ጊዜ አለ። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በሽታውን ከገለጸው የኒው ዮርኩ ሐኪም በሪል ክሮን ነው። ሁለቱም ለረጅም ዘመን የበለጸጉ አገሮች በሽታ ተብለው ቆይተዋል። እኛ ጋ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲመጣ ሐኪም ቀድሞ ሺጌላን፣ አሜባንና ሌሎች ተላላፊ ጀርሞችን ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። የአንጀት ቲቢ ደግሞ ክሮንን በጣም ይመስላል፤ ክሮን ነው ተብሎ ብግነት የሚያዳፍን መድኃኒት ቲቢ ላለበት ሰው ቢሰጥ ቲቢው ሊስፋፋ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ረጅም ነው። ከገነተ ማርያም የሚነሣ ታማሚ ፓዊ ሆስፒታል ቢደርስም ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያየው ምርመራ፣ ኮሎኖስኮፒ፣ የሚሠራው በትልልቅ ሆስፒታሎች ስለሆነ መንገዱ ሊቀጥል ይችላል።

ሁለቱ እንዴት ተገናኙ? አንዱ መንገድ ምራቅ ነው። ሰው በቀን 1 ሊትር ያህል ምራቅ ይውጣል፤ በውስጡም ቁጥራቸው የትየለሌ ባክቴሪያዎች አሉ። አብዛኞቹን የጨጓራ አሲድ ይፈጃቸዋል፤ የተረፉትን አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ነባር ባክቴሪያዎች ቦታ ይነሷቸዋል። ጃፓናዊው ኬንያ ሆንዳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ የክሮን ታማሚዎችን ምራቅ የራሳቸው ባክቴሪያ ለሌላቸው አይጦች ሰጡ። ከምራቁ የመጣው ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ አንጀታቸው ላይ ሰፍሮ የመከላከያ ሕዋሳቱን ቀሰቀሰ። ይህ ባክቴሪያ ብዙ አንቲባዮቲኮችን የሚቋቋም ነበር።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የኖቡሂኮ ካማዳ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ሴል በተባለው መጽሔት ሌላ ነገር ጨመረ። የአይጦቹን ጥርስ በክር አስረው ድዳቸው እንዲበግን አደረጉ። አንጀቱ አስቀድሞ የቆሰለ አይጥ ባሰበት። ከአፍ የተዋጡት ባክቴሪያዎች ብቻ አይደሉም፤ ድድ ላይ ለውጊያ የሠለጠኑ የመከላከያ ሕዋሳትም ተጉዘው አንጀት ደረሱ። አንጀቱ ጤነኛ የነበረው አይጥ ግን በድዱ ምክንያት ብቻ የአንጀት ሕመም አልያዘውም። ይህን ነጥብ የሚዘሉ ጽሑፎች በዝተዋል፤ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል። ድድ አንጀትን አሳመመ ማለት አይቻልም፤ ድድ ማከም የአንጀት ብግነትን ያድናል የሚልም ማስረጃ በሰው ላይ የለም። በሰዎች ላይ ተደጋግሞ የታየው የአንጀት ብግነት ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ይበልጥ በድድ በሽታ መያዛቸው ነው። በሁለቱም ቦታ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ከሚረጩት ኬሚካል ብዙው አንድ ዓይነት ነው። ሐኪሞች የአንጀት ብግነትን ለማወቅ ከሰገራ የሚለኩት ካልፕሮቴክቲን የተባለው ፕሮቲን ከበገነ ድድ በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥም ይገኛል። ሲጋራም ድድንና ክሮንን በአንድ ላይ ያባብሳል።

አሁን ወደዚያ ሜትሮኒዳዞል እንመለስ። መድኃኒቱ አሜባ ይገድላል፤ ኦክስጅን የማይወዱ የድድ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል፤ አንዳንዴ ለክሮንም ይታዘዛል። ስለዚህ ያለ ምርመራ የዋጠው ሰው ሁለቱም ጋ ትንሽ ሊሻለው ይችላል፤ ምን እንደነበረበት ግን ማንም አያውቅም። ደጋግሞ በዋጠ ቁጥር ደግሞ ነባሮቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ይመናመናሉ፤ እንግዳውን ባክቴሪያ ቦታ የሚነሱት እነሱ ነበሩ። ለጥርስ ሕመም የሚገዛው አይቡፕሮፌንም የአንጀት ብግነት ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ ሕመም ማስታገሻ ሲገዙ ይህን መናገር ይገባል።

ድድ እንዳይበግን ለመጠበቅ የወይራ መፋቂያ ጥሩ ነው፤ ጫፉ እስኪላላ ታኝኮ የጥርሱ የውስጥ ገጽና የድዱ ጠርዝ ድረስ ከደረሰ። ብዙ ሰው ግን የሚፍቀው ሲስቅ የሚታየውን ብቻ ነው። ጥርስ ላይ የደረቀውን ቆሻሻ መፋቂያም ብሩሽም አያነሣውም፤ ለዚያ ጥርስ ማሳጠብ ያስፈልጋል።

ድድዎ ሲደማ ከከረመ፣ ሆድዎም ከአራት ሳምንት በላይ ካልጸና፣ ሰገራዎ ደም ወይም ንፍጥ ካለው፣ ክብደትዎም ከቀነሰ፣ የሚያክምዎት የጥርስ ባለሙያም ይሁን የሆድ ሐኪም ሁለቱንም ይንገሩት። ያለ ትዕዛዝ የዋጧቸውን ክኒኖች ስም ጭምር ይንገሩት፤ ባዶ ማሸጊያው ካለ ይዘውት ይሂዱ።