ከቅነሳ በኋላ፦ የስንብት ክፍያና የሥራ ፍለጋ

ኢትዮጵያ ውስጥ የሥራ አጥነት መድን የለም። በሌሎች አገሮች ሥራ ያጣ ሰው ለተወሰኑ ወራት ከመድን ፈንድ ገንዘብ ይከፈለዋል። እኛ ዘንድ ግን ከሥራ የተቀነሰ የግል ድርጅት ሠራተኛ ቀጣዩን ሥራ እስኪያገኝ ዋናው ስንቁ ከአሠሪው የሚቀበለው የስንብት ክፍያ ነው። ይህን መብት በውል የሚያውቅ ሠራተኛ ጥቂት በመሆኑ ረጋ ብሎ ማስረዳቱ ተገቢ ነው።

ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ሥራ አጥቷል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ እየሰፋ ወደ ውጭ ይልካል። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ ትልልቅ ገዥዎችና አምራቾች ለቀው ሄዱ፤ የስፌት ሠራተኞችም ከሥራ ውጭ ሆኑ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ የዕርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞች ተመሳሳይ ዕጣ ገጠማቸው። ኑሮው በተወደደበት ወቅት ሥራ ማጣት ድርብ ጉዳት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ረዥም ታሪክ አለው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከወጣው ድንጋጌ ጀምሮ፣ በደርግ ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 64/1968፣ ኋላም በ42/1985 እና በ377/1996 እየተሻሻለ መጥቶ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ እነርሱ የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።

አዋጁ የሠራተኛ ቅነሳ የሚለው ስንብት በቁጥር የተለየ ነው። ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆኑት፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሰዎች፣ ከ10 ተከታታይ ቀናት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ሲሰናበቱ ቅነሳ ይባላል። ማን እንደሚቀነስ አሠሪው እንዳሻው አይወስንም። ከሠራተኞቹ ተወካዮች ጋር ይመክራል፤ የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያላቸውም በሥራቸው እንዲቆዩ ቅድሚያ ያገኛሉ። በችሎታ እኩል ከሆኑት መካከል ቅነሳው በቅድሚያ የሚነካው የአገልግሎት ዘመኑ አጭር የሆነውን ነው። ነፍሰ ጡሮችና በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው በተራው መጨረሻ አካባቢ ይቀመጣሉ። ለሚቀነሰው ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ካልተሰጠው የዚያን ጊዜ ደመወዝ ያገኛል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል። ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚህ ገንዘብ ሲሶ ይጨመራል፤ ድምሩ ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ስንብቱ በቅነሳ ወይም በድርጅቱ መዘጋት የመጣ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። ለምሳሌ አንዲት የስፌት ባለሙያ 6 ዓመት ሠርታ በቀን በአማካይ 300 ብር ታገኝ ነበር እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት 9,000 ብር፣ ለቀሪዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ 3,000 እየተደመረ 15,000 ብር፣ ስለ ቅነሳው ደግሞ 18,000 ብር። ግብር ከመቀነሱ በፊት 42,000 ብር ይሆናል። ያልተጠቀመችበት የዓመት ፈቃድ ገንዘብ ለብቻው ይታሰብላታል። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ድረስ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊያዝበት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ወረቀት ላይ ነው። አንዳንድ አሠሪ ሠራተኛውን ቢሮ ጠርቶ «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል ጽሑፍ ያስፈርማል፤ ሠራተኛውም ከሰው ጋር ላለመጣላት ሲል ወይም የወሩ ደመወዝ እንዳይያዝበት ፈርቶ ይፈርማል። ፊርማው ግን ዋጋ አለው። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው የ60 ቀኑን ጭማሪ አያገኝም፤ አገልግሎቱ ከ5 ዓመት በታች ከሆነ የስንብት ክፍያው ጨርሶ ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ የሚሰጣችሁን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ኮፒ ጠይቁ። ከስንብት የሚነሳ የክፍያ ጥያቄም በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ የሚቀርበው ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ነው።

ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚያስፈልገው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ድርጅቱ የሚዘጋ ከሆነ የሰው ኃይል ክፍሉ ሳይበተን ማስጻፍ ብልህነት ነው፤ ማኅተሙ ከሄደ በኋላ ማስረጃ ማግኘት እጅግ ይከብዳል።

ሥራ ፍለጋው ከዚህ ይጀምራል። አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ የሚያከራዩ ሰዎች ለብዙ ሥራ ፈላጊ ባለውለታ ናቸው። ሙሉ ዋጋውን መክፈል ያልቻለ ሰው ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሪፖርተርን ወይም የአዲስ ዘመንን የሥራ ማስታወቂያ ገልብጦ፣ ጋዜጣውን ይመልሳል። አሁን የሥራ ማስታወቂያው አብዛኛው ወደ ድረ ገጽና ወደ ቴሌግራም ቻናሎች ዞሯል፤ እንደ ኢትዮጆብስ ያሉ ገጾችም በስልክ ይከፈታሉ። ነገር ግን ብዙ ሥራ ከማስታወቂያ ይልቅ በሰው ነው የሚገኘው፤ መቀነሱን በኀፍረት ደብቆ ቤት የሚቀመጥ ሰው ይህን በር በገዛ እጁ ይዘጋዋል። መቀነስ ጥፋት አይደለምና ለቀድሞ ባልደረባም ለእድር ሰውም በግልጽ መናገር ይሻላል።

የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችንም መጠቀም ይቻላል። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ለአገር ውስጥ ሥራ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ገንዘብ መቀበል አይችልም፤ አዋጁ ይህን በግልጽ ደንግጓል። «መመዝገቢያ» ወይም «ማስያዣ» ክፈል የሚል ካለ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ ይዛችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።