ጄኔራል ታደሰ ብሩ፡ ዙፋን ከመታደግ እስከ ሞት ፍርድ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኢተያ በስንዴ አምራችነቷ ትታወቃለች። በ1958 ዓ.ም ግን ኢተያና ጎረቤቷ ዴራ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በአርሲ ሕዝብን ሰብስቦ ካነጋገረባቸው ሥፍራዎች መካከል ነበሩ። ማኅበሩ በየአካባቢው ባካሄዳቸው ስብሰባዎች ጎልተው ይታዩ ከነበሩት መሪዎች አንዱ ብርጋዴር ጄኔራል ታደሰ ብሩ ናቸው።

የጄኔራሉ ሕይወት የዘውዳዊው ሥርዓት ማብቂያና የደርግ መነሻ የነበረውን ነውጠኛ ዘመን የሚያሳይ ነው። ከዚህም በላይ በሕግ ተመዝግቦ ጥያቄ የሚያቀርብ ማኅበር እንደ ጠላት ሲታይ ምን እንደሚከተል ያስረዳል።

ታደሰ ብሩ የተወለዱት በሰላሌ ነው። በፖሊስ ሠራዊት ውስጥ ከፍተኛ ማዕረግ ላይ የደረሱ ሲሆን፣ ፈጥኖ ደራሽ የተባለውን የፖሊስ ኃይል በአዛዥነት መርተዋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው አቶ ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት በሞከሩ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን በመቆም ሙከራው እንዲከሽፍ አስተዋጽኦ አድርገዋል።

ስማቸው ከኢትዮጵያ ውጭም ይታወቃል። የደቡብ አፍሪካው የነጻነት ታጋይ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስዱ፣ በወቅቱ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ ተቀብለው አስተናግደዋቸዋል። ማንዴላ በግለ ታሪክ መጽሐፋቸው እንደገለጹት፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ታደሰ አንድ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት በስጦታ ሰጥተዋቸዋል።

የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በ1955 ዓ.ም ተመሠረተ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረትም ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ሊቀመንበሩ ኮሎኔል አለሙ ቂጤሳ፣ ዋና ጸሐፊው ደግሞ የሕግ ባለሙያው አቶ ኃይለማርያም ገመዳ ነበሩ። ዓላማውም ከአባላት መዋጮ በማሰባሰብ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ መሥራት ነበር።

ጄኔራል ታደሰ ማኅበሩን የተቀላቀሉት በ1956 ዓ.ም ነው። በሰፊው ሲነገር እንደኖረው፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን በኃላፊነት ይመሩ በነበረበት ጊዜ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ትምህርት ለኦሮሞ ሕዝብ በስፋት መዳረሱ እንደማይበጅ ነግረዋቸው ነበር። ይህም አመለካከታቸውን እንደለወጠው ይወሳል።

ማኅበሩ በአርሲ ሰሚ ያገኘው ያለ ምክንያት አልነበረም። በጊዜው የአካባቢው አርሶ አደር አብዛኛው ጭሰኛ ሲሆን፣ የምርቱን ከፊል ለባለ መሬቱ የማስረከብ ግዴታ ነበረበት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት ወደ ስብሰባዎቹ ይመጣ ነበር። ከአርሲ የማኅበሩ ታዋቂ መሪዎች አንዱ ሐጂ ሮበሌ ቱሬ ነበሩ። በ1960 ዓ.ም በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ምርት ቢያሳድግም፣ ባለ መሬቶች በትራክተር ማረስ በመጀመራቸው በርካታ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተፈናቅለዋል። ይህም የአካባቢው ችግር ሥሩ የመሬት ስሪቱ እንደነበር ያረጋግጣል።

የስብሰባዎቹ መስፋፋት መንግሥትን አሳሰበው። በጥቅምት 1959 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሲኒማ ኢትዮጵያ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የማኅበሩ መሪዎች ታሰሩ፤ ማኅበሩም ታገደ። ጄኔራል ታደሰ በመንግሥት ላይ በማሴር ተከሰው በ1960 ዓ.ም ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦላቸው በሐረርጌ ገለምሶ በግዞት እንዲቀመጡ ተደረገ። የክስ ጓደኛቸው መቶ አለቃ ማሞ መዘምር ግን በ1961 ዓ.ም በስቅላት ተቀጡ።

አብዮቱ ሲፈነዳ ጄኔራሉ ነጻ ወጡ። ይሁንና ከደርግ ጋር ባለመስማማታቸው ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ጋር ወደ ገጠር ሸፈቱ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የተደነገገው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ሲሆን፣ ሁለቱ መኮንኖች ተይዘው በጥይት የተገደሉትም በተከታዩ መጋቢት ወር ነው። የጭሰኝነት ሥርዓት በሕግ በቀረ ማግሥት፣ ጭሰኛው በብዛት ይገኝባቸው በነበሩት የማኅበሩ ስብሰባዎች ይናገሩ የነበሩት ሰው ሕይወታቸው አለፈ።

ማኅበሩ የጠየቀው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ነበር፤ የጠየቀውም በሕግ ተመዝግቦ፣ በአደባባይ ነው። ዙፋኑን በጭንቅ ቀን የጠበቁት መኮንን በዚያው ዙፋን ችሎት ሞት የተፈረደባቸው ይህ ሕጋዊ በር ከተዘጋ በኋላ ነው። በአንድ አካባቢ የሚነሳ የልማት ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ለሚደርሰው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጥያቄውን በወቅቱ መርምሮ ምላሽ መስጠት ምን ያህል ጥፋት እንደሚያስቀር ይህ ታሪክ ያሳያል።