ከቆላ ወደ ጎርጎራ፦ ልጅ ይዞ ዓሣ ማጥመድ

የቆላማዋ አብርሃ ጅራ ልጅ ዓሣን የሚያውቀው ከወንዝ ነው። በጋው ሲበረታ እነ አንገረብ ይቀጥናሉ፤ ዓሣው በየኩሬው ይታጎራል፤ ከከብት ጥበቃ የተረፈ ሰዓት ሁሉ እዚያ ያልቃል። ሐይቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ለእሱ ሽቅብ መውጣት ያስፈልጋል፦ በሳንጃና በትክል ድንጋይ አድርጎ ጎንደር፣ ከጎንደር ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ ጎርጎራ ድረስ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳት በፊት መጠየቅ ሳይዘነጋ።

ጎርጎራ ዳርቻው ላይ ያለችበት ጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዳር እስከ ዳር ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው ይህ ውኃ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም።

ለቤተሰብ ጉዞ የሚመረጠው ዓሣ ቆረሶ ነው። ትንንሽ እሾህ ስለማይበዛበት ልጅ በልቶት ወላጅ አይሳቀቅም። ጠባዩም የሚወራ ነው፦ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አምባዛ ደግሞ ጢም እንጂ ቅርፊት የለውም፤ በዚህ ምክንያት የማይበሉት ምእመናን ብዙ ናቸው። የጎን ክንፉ እሾህ ስለሚወጋ ከመንጠቆው የሚያላቅቀው አዋቂ ይሁን። ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ወገኖች 15 ያህሉ ዝርያዎች ከጣና ሌላ የትም አይገኙም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ እዚሁ ተለያይተው አደጉ። ጣፋጭ ናቸው፤ እሾሃቸው ግን የልጅ ጉሮሮ አይምርም።

መሣሪያው ቀላል ነው፤ ቀጭን ሸምበቆ፣ ናይሎን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ክሩ ላይ የምትታሰር የደረቀ ደንገል ቁራጭ። ቁራጯ ስትሰጥም ዓሣው ነክሷል ማለት ነው፤ ውኃው ደፍርሶ ወደ ታች በማያሳይበት ሐይቅ ለልጅ ዓይን ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም። ቆረሶ በአብዛኛው አልጌ በል ስለሆነ ሊጥ በትንሹ ይሞከርለታል፤ ለአምባዛ የምድር ትል ነው። እውነቱን ለመናገር የአምስት ዓመት ልጅ ከዓሣው ይልቅ ትል ቁፋሮውን ይወዳል። ስለዚህ ቁፋሮው የልጆቹ ሥራ ይሁን፤ መንጠቆውን ማጥለቅ የአባት ወይም የእናት።

ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፤ በጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ መነሳት ይበቃል። ልጅ ከዚያ በላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ እንዲቀመጥም መጠበቅ የለበትም። የደንገል ታንኳው ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ውኃ እየጠጣ የሚከብድ፣ በየጊዜው ወደ ላይ አቁመው የሚያደርቁት ጀልባ ስለሆነ ለሕፃን አይሆንም። ጉማሬም አለ።

ትልቁ አደጋ ግን የማይታየው ነው፦ ቢልሃርዝያ። ዳር ዳሩን ካሉት ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው ተባይ በቆዳ በኩል ይገባል፤ በጎርጎራ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም በሽታውን በብዛት አግኝተውታል። ልጆች እግራቸውን ውኃ ውስጥ ሳይነክሩ ከደረቅ ድንጋይ ላይ ያጥምዱ። የተያዘውም በሚገባ ይጠበስ፤ ጥሬ ዓሣ መብላት በጣና ዙሪያ የቆየ ልማድ ቢሆንም ጥገኛ ትል ያስተላልፋል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም መቅረት ይሻላል። ብዙ ነጭ ዓሣ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች የሚወጣው ያኔ ነው፤ የብርብራ ፍሬ ፈጭተው ውኃ ላይ በመበተን ትልቅ ትንሽ ሳይለዩ የሚያሰክሩትም በዚሁ ሰሞን። በ2004 ዓ.ም. የታየው የእምቦጭ አረም በተንጣለለበት ቦታ ደግሞ መንጠቆ መጣል ከሥር ጋር መታገል ነው፤ ንጹሕ ዳር ፈልጉ። ስትመለሱም የተበጠሰውን ናይሎን ሰብስቡ፤ ሐይቁ ዳር የቀረ ክር የወፍ እግር ይጠልፋል።