ጠያቂ ያጣ አራስ ቤት

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ከባሏ የምትለያየው ሆስፒታሉ በር ላይ ነበር። ሁለት ታላላቅ የሆስፒታል ድርጅቶች ኮሮናን ፈርተው አጃቢ ወደ ማዋለጃ ክፍል እንዳይገባ ከልክለዋል። እርጉዞች አቤቱታ አሰሙ፤ ክልከላውም ብዙ ሳይቆይ በአገረ ገዥው አንድሪው ኩሞ ትእዛዝ ተሻረ። በብሪታንያ ግን በየሆስፒታሉ የተለያየ ገደብ ለወራት ስለዘለቀ፣ የአልትራሳውንድ ውጤታቸውን ብቻቸውን የሰሙ እናቶች ጥቂት አልነበሩም።

የነፍሰ ጡር ጭንቀት ከኮሮና ጋር የመጣ እንግዳ አይደለም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ ከነፍሰ ጡሮች 10 በመቶው፣ ከወለዱት ደግሞ 13 በመቶው የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ ዋነኛውም ድባቴ ነው። በታዳጊ አገሮች አኃዙ በእርግዝና ጊዜ ወደ 15.6፣ ከወሊድ በኋላ ወደ 19.8 በመቶ ከፍ ይላል። በአገራችንም ጉዳዩ በወጉ ተጠንቷል። ኮሮና ከመምጣቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በቡታጅራ አካባቢ 1,065 ነፍሰ ጡሮች ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። ጭንቀትና ድባቴ የበረታባቸው እናቶች ምጣቸው የመራዘም፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩበት ጊዜም የመዘግየት ዕድሉ ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች የጠበቁት የሕፃኑ ክብደት ማነስ ግን ከጭንቀቱ ጋር ዝምድና አልታየበትም።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ።

ካናዳ ውስጥ በኤፕሪል 2020 ወደ 2,000 የሚጠጉ ነፍሰ ጡሮች በኢንተርኔት መጠይቅ ሞሉ። 37 በመቶው የድባቴ፣ 57 በመቶው የጭንቀት ምልክት አሳዩ። አኃዙ ያስደነግጣል፤ ይሁንና በጥንቃቄ መነበብ አለበት። እንዲህ ያለውን መጠይቅ ፈልጋ የምትሞላው ብዙውን ጊዜ ቀድሞውኑ ሐሳብ የገባት፣ ኢንተርኔትም የማይቸግራት ሴት ናት። መለኪያውም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። በመላው ዓለም የሚሠራበት የኤደንብራ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1987 የተዘጋጀ ሲሆን፣ ስላለፉት 7 ቀናት የሚጠይቁ 10 ጥያቄዎች አሉት። ድካምን እንደ ምልክት አይቆጥርም፤ እርጉዝና አራስ ሁሉ ይደክማታልና። ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን ያለ በቂ ምክንያት ፈርተሽ ታውቂያለሽ ወይ ይላል። በዚያ ሰሞን ከቤት መውጣት የፈራች እርጉዝ ምን ብላ ትመልስ? ምክንያቱማ ሞልቶ ነበር።

ሰፋ ያለው ሥዕል የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ከ17 አገሮች የተሰበሰቡ 40 ጥናቶችን የመረመረ ዳሰሳ፣ የእናቶችን አእምሮ ጤና ከለኩት 10 ጥናቶች ውስጥ 6ቱ ድባቴ ወይም ጭንቀት በግልጽ መጨመሩን እንዳሳዩ ዘግቧል። ጣጣው በአእምሮ ጤና ብቻ አልተወሰነም፤ ኔፓል ውስጥ በ9 ሆስፒታሎች የሚወልዱ እናቶች ቁጥር እንቅስቃሴ በታገደባቸው ወራት ከግማሽ በላይ ወርዷል።

ለእናቶቹ ፍርሃት የጤና መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ ነበራቸው። በቻይና ቀድሞ የወጣው መመሪያ ቫይረሱ የተገኘባት እናት ከጨቅላዋ ለ14 ቀናት እንድትለይ ሲያዝ፣ ዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ አብረው ይሁኑ፣ ጡትም ታጥባ ይል ነበር። ክትባት ሲመጣም ነፍሰ ጡሮች ከመጀመሪያዎቹ ትላልቅ ሙከራዎች ውጭ ተደርገው ስለነበር፣ ውሰጂ ወይም አትውሰጂ ብሎ በልበ ሙሉነት የሚመክራቸው ጠፋ። በዚህ ረገድ የዚካ ቫይረስ ወረርሽኝ ጊዜ ይብሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ የኤል ሳልቫዶር ባለሥልጣናት ሴቶች እስከ 2018 ድረስ እንዳያረግዙ መክረው ነበር። ያረገዘችው ምን ታድርግ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በወሩ መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ይህ አራስ ቤትን ምን እንዳሳጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ገንፎ የሚያገነፋው፣ ልጁን ተቀብሎ እናቲቱን የሚያስተኛው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው ጎረቤት ሁሉ ከደጅ መመለስ ነበረበት። አራስ ጥየቃን ማንም ሕክምና ብሎ አይጠራውም። የካናዳው ጥናት ግን ደጋፊ ሰው በዙሪያቸው ያላቸው ነፍሰ ጡሮች ምልክቱ ቀለል ያለላቸው መሆኑን አሳይቷል፤ እናቶቻችን ይህን ለማወቅ መጠይቅ አላስፈለጋቸውም።

ቤት ድረስ ሄዶ የሚሰጥ ምክር በእርግጥ እንደሚያክም በጥሩ ሁኔታ የታየው በገጠር ፓኪስታን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ሙከራ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያልሆኑ የመንደር ሴት ጤና ሠራተኞች አጭር ሥልጠና ወስደው፣ ድባቴ የያዛቸውን ነፍሰ ጡሮች ከእርግዝናቸው መጨረሻ ጀምሮ ከወሊድ በኋላም ቤታቸው እየሄዱ አነጋገሩ። ልጁ 6 ወር ሲሞላው ድባቴው ያልለቀቃቸው 23 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ይህ ምክር ካልተሰጣቸው እናቶች መካከል ግን 53 በመቶ። ዓለም ጤና ድርጅትም ዘዴውን ተቀብሎ መመሪያ አድርጎ አሳትሞታል።

የእኛዎቹ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። የኤደንብራው መጠይቅ አማርኛ ትርጉምም አዲስ አበባ ውስጥ በወለዱ እናቶች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በ2012 ዓ.ም. የወረርሽኙ ሰሞን ቤት ለቤት ሲዞሩ የሚጠይቁት ግን ትኩሳትና ሳል ነበር።