ከክረምት በኋላ በቡድን ተራራ ለመውጣት ለሚዘጋጁ ዜጎች የተሰጠ ማብራሪያ

ክረምቱ ሲያበቃና ሰማዩ ሲጠራ ከቦሌ፣ ከገርጂና ከሰሚት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የረር ተራራ ጎልቶ ይታያል። የረር በርና የረር ጎሮ የተባሉት ሰፈሮችም ስሙን ይዘዋል። ይህ ወቅት የሥራ ባልደረቦች፣ የትምህርት ቤት ጓደኞችና ጎረቤታሞች ተጠራርተው በእግር ጉዞና በተራራ መውጣት የዕረፍት ቀናቸውን የሚያሳልፉበት ነው። ጉዞው ለጤናም ለወዳጅነትም ይበጃል። ሆኖም ቡድኑ ከመነሳቱ በፊት ሊስማማባቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ፤ ከሁሉም የሚቀድመው መቼ እንደሚመለስ ማወቁ ነው።

ወቅቱን መምረጥ

በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት አደይ አበባ ተራሮቹን ቢያስጌጥም መሬቱ ገና ጭቃ ነው፤ ቁልቁለቱም ያንሸራትታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ደረቅና ለጉዞ የተመቹ ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን በደጋው ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ ቦሌ ላይ ቀላል ልብስ የበቃው ሰው ተራራ ጫፍ ላይ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ወራቱ የአጨዳና የውቂያ ጊዜም በመሆናቸው ተጓዦች የአርሶ አደሩን ሰብል ከመርገጥ ተቆጥበው በማሳው ዳር መሄድ ይጠበቅባቸዋል።

ከቅርቡ ወደ ሩቁ

ልምድ የሌለው ቡድን ወቅቱን በአጭር ጉዞ ቢጀምር ይመከራል። በከተማዋ ምሥራቅ የሚገኘው የየካ ተራራና በላዩ ያለው ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፣ እንዲሁም እስከ 3,200 ሜትር ገደማ የሚደርሰው እንጦጦ ለጅማሬ ምቹ ናቸው። ቀጥሎ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የረር፣ ከዚያም ከቢሾፍቱ በስተደቡብ የሚገኘውና በአናቱ ሐይቅ ያለው ዝቋላ ሊታሰቡ ይችላሉ። ዝቋላ የአቦ ገዳም የሚገኝበት ቅዱስ ስፍራ ስለሆነ አለባበስና ሥነ ሥርዓት መጠበቅ ግዴታ ነው፤ በተለይ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ብዙ ምእመናን የሚሰበሰቡባቸው የንግሥ ቀናት ናቸው። የስሜንና የባሌ ተራሮች የወቅቱ መደምደሚያ እንጂ መነሻ ሊሆኑ አይገባም።

የከፍታ ሕመም

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በመሆኑም የአዲስ አበባ ነዋሪ ከቆላ ከመጣ ሰው ይልቅ ከፍታን ይለምዳል። ይህ ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ለሚደርሰው ራስ ዳሽን ዋስትና አይሆንም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ያልተለመደ ድካም የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ የታየበት ሰው ከፍ ማለቱን አቁሞ ማረፍ አለበት፤ ካልተሻለው ወደ ዝቅተኛ ስፍራ መውረድ ይገባዋል። በእረፍት ላይ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከተወላገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሳይዘገይ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሰው አጅቦት እንዲወርድ መደረግ አለበት፤ ሁኔታው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩ ሰዎች የማደሪያቸውን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምሩ ይመረጣል። ወጣትነትና የአካል ብቃት ከዚህ ሕመም አያድኑም።

የቡድኑ ስምምነት

ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚባባሰው የታመመው ሰው ጓደኞቹን ላለማሳፈር ሲል ዝም ሲል፣ ጓደኞቹም «ትንሽ ብቻ ቀረ፣ በርታ» እያሉ ሲገፋፉት ነው። ስለዚህ ቡድኑ ከመነሳቱ በፊት በሚከተሉት ነጥቦች ላይ ቢስማማ ይጠቅማል።

• የጉዞው ፍጥነት በደካማው አባል ይወሰናል፤ ማንም ለብቻው ወደኋላ አይቀርም።
• የመመለሻ ሰዓት አስቀድሞ ይቆረጣል። ለምሳሌ ከጠዋቱ 1፡00 ሰዓት መውጣት የጀመረ ቡድን ቀትር ላይ ጫፍ ባይደርስም ይመለሳል፤ ፀሐይ ከምሽቱ 12፡00 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለችና።
• አንድ አባል «እንመለስ» ካለ ጥያቄው ያለ ወቀሳ ይከበራል።
• የሚሄዱበት ስፍራና የመመለሻ ሰዓት ቤት ለሚቀር ሰው ይነገራል።
• እያንዳንዱ ሰው በቂ ውሃ፣ ምግብ፣ የዝናብና የብርድ ልብስ፣ ባትሪ እንዲሁም የተሞላ ስልክ ይይዛል።

ብሔራዊ ፓርኮችን ለመጎብኘት

የስሜንና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይተዳደራሉ። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978፣ ባሌ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ወደ ስሜን የሚሄዱ በደባርቅ፣ ወደ ባሌ የሚሄዱ በዲንሾ ከሚገኙት የፓርኮቹ ጽሕፈት ቤቶች የመግቢያ ክፍያና የአስጎብኚ አገልግሎት ያገኛሉ። በስሜን ተጓዦች በስካውት መታጀብ ይኖርባቸዋል። የአገር ውስጥ ጎብኚዎች ክፍያ ከውጭ ጎብኚዎች ያነሰ በመሆኑ የታደሰ መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ከመነሳት በፊት ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ጸጥታ ከጽሕፈት ቤቱና ከአካባቢው አስተዳደር ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ውሻ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ እየተላለፈ ብርቅዬውን እንስሳ በተደጋጋሚ ጨርሷልና።

አደጋ ሲያጋጥም

በአዲስ አበባና አካባቢዋ ፖሊስ በ991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና አደጋ አገልግሎት በ939 ይገኛሉ። በተራራ ላይ የስልክ ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል ግን የመጀመሪያው ረዳት አብሮ ያለው ወዳጅ ነው። ተራራው በሚቀጥለው ሳምንትም በስፍራው ይገኛል፤ የጉዞው ስኬት የሚለካው የወጡት ሁሉ በሰላም ወደ ቤታቸው በመመለሳቸው ነው።