መደብና ወንበር፤ ስለ «ስልተ ቀመር» ምንነትና ስያሜ

የሙያ ቃላትን የሚያዘጋጅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ነገር፥ በውል ላልተረዳው ነገር ስም እንዳያወጣ ነው። «አልጎሪዝም» ለሚለው ቃል «ስልተ ቀመር» የሚል አቻ ከተሰጠው ቈይቷል። ይሁን እንጂ የቃሉን ምስጢር በሚገባ የተረዳነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ቃላት ለመሰብሰብ ወደ ሰሜን ሸዋ፥ ግሼ ወረዳ፥ ራቤል በሄድንበት ወቅት በአንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር ፊት አፍረን ነው።

ባዕዱ ቃል ከሰው ስም የመጣ ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ የአል-ኽዋሪዝሚ ስም በላቲን አፍ ተለውጦ ይህን ቃል አስገኘ። ፍችውም ከታወቀ መነሻ ተነሥቶ፥ በተወሰኑ ደረጃዎች አልፎ፥ ወደ ውጤት የሚያደርስ የትእዛዝ ተርታ ማለት ነው። ኮምፒዩተር ይህን ተርታ ከመፈጸም በቀር ሌላ ሙያ የለውም። ቍጥርን «አለ» እና «የለም» እንደ ማለት ባሉ ሁለት ምልክቶች ይይዛል፤ ይደምራል፤ ያነጻጽራል፤ «እንዲህ ከሆነ በዚህ፥ ካልሆነ በዚያ ሂድ» ሲባል ይሄዳል። «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም።

ይህን ለመምህሩ ብናስረዳቸው፥ «ታዲያ ይህ ባሕረ ሐሳብ አይደለም ወይ?» አሉን። እውነታቸውን ነው።

የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ለማግኘት፥ በ2018 ላይ 5500 ይደመርና ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ትራፊው መደብ ይባላል። ከመደቡ ላይ ያልተፈጸመው ዓመት፥ ማለት 1፥ ሲቀነስ 12 ይቀራል፤ እርሱም ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፥ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ 18 ይገኛል። መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በመስከረም፥ በታች ከሆነ በጥቅምት ይውላል፤ ስለዚህ መስከረም 18 ነው። ዕለቱ እሑድ በመሆኑ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመርበት 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ትገባለች። ከዚያ 69 ቀን ሲቈጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። መነሻ፥ ደረጃ፥ መንታ መንገድ፥ ውጤት፤ ሁሉም በዚህ አለ።

እኛ ግን ሒሳቡን ራሳችን ስንሞክር መደብን ከወንበር አልለየንም። በዕለት ንግግር ሁለቱም መቀመጫዎች አይደሉምን? አንዱ በጭቃ፥ ሌላው በእንጨት ይሠራል። ስለዚህ አንዱን ሳንቀንስ በ13 አባዛን። መጥቅዕ 7 ሆነ፤ ጥቅምት 7 ዓርብ ነው፤ የዓርብ ተውሳክ 2 ተጨምሮ ነነዌ የካቲት 9፥ ፋሲካም ሚያዝያ 18 ዋለ። ነነዌ በሰኞ ገባች፤ ፋሲካም እሑድን አልሳተም። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሙላት አለባቸው ስለሚባል ያንንም መረመርን፤ 23 እና 7 ልክ 30 ሆነ። በኩራት አቀረብንላቸው።

መምህሩ በጣታቸው አንጓ ጥቂት ቈጥረው፥ «ፋሲካን ሁለት ሳምንት አዘገያችሁት፤ በጉን እስከዚያ ማን ይቀልበው?» አሉ።

ማረጋገጫው ያልያዘን ስለምንድን ነው? 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ፥ ማናቸውም ሙሉ ቍጥር በሁለቱ ቢባዛ፥ የብዜቶቹ ድምር ምንጊዜም ለ30 ይካፈላል። ማረጋገጫው የማባዛትን ስሕተት ይይዛል እንጂ የመነሻውን አያይም። ኮምፒዩተርም ቢሆን በዚሁ ትእዛዝ ቢታዘዝ፥ የሺህ ዓመት ፋሲካ በቅጽበት አስልቶ፥ ሁሉንም እሑድ አድርጎ፥ በተሳሳተ ቀን ያስረክበን ነበር። ጥፋቱም የታዛዡ ሳይሆን የአዛዡ ነው።

ከዚህ ለሥራችን ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፥ «ስልተ ቀመር» ሊጠበቅ የሚገባው ስያሜ ነው። በባሕረ ሐሳብ 19 ዓመት ንኡስ ቀመር፥ 76 ዓመት ማእከላዊ ቀመር፥ 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ይባላል፤ ስለዚህ «ቀመር» ከስሌት ጋር የኖረ ቃል እንጂ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። «ስልት» ደግሞ የደረጃዎቹን ቅደም ተከተል ያመለክታል። ሁለተኛ፥ በመዝገበ ቃላት «መደብ» እና «ወንበር» በሚሉት ሥር የባሕረ ሐሳቡ ፍች ከመቀመጫው ፍች ተለይቶ፥ ራሱን ችሎ ሊጻፍ ይገባል። የሙያ ቃል በጎረቤቱ ሲተካ ምን እንደሚከተል በበጉ ጉዳይ አይተናል።

አንባብያን በየአካባቢያቸው ካሉ መምህራን የሰሟቸውን የስሌት ቃላት፥ ከነአሠራራቸው ጽፈው ቢልኩልን፥ ለዚህ ሥራ ከፍ ያለ እርዳታ ይሆናል።