ሞዴሏ መኪና ለምን አሻንጉሊት መሰለች?



ለማስተማር ልምምድ በወጣሁ ጊዜ የውድርን ትምህርት ለማስረዳት ስል ከእንጨት ጠርቤ አንዲት ቮልስዋገን ሠራሁ። ቀይ ቀለም ደህና አድርጌ ለቀለቅኋትና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ይህች መኪና ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ ታንሳለች» አልኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ሾፌሩ በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለኝ። ዞር ብዬ ባያት ልጁ እውነቱን ነው። ጎማዋ ከበሯ ይበልጣል። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ የዚያን ቀን የውድር ትምህርትም በዚያው አበቃ።

ሞዴል መርጃ መሣሪያ የሚሆነው እውነት ሲናገር ነው። ተማሪ ከሰማው ይልቅ ያየውን ስለሚይዝ፣ ውሸታም ሞዴል ከማሳየት ባዶ እጅ መግባት ይሻላል። ከዚያ ወዲህ በሙከራም በስህተትም የተማርኩትን እነሆ ላካፍላችሁ። የነገሩ ሁሉ መሠረት አንድ ነው፤ ይኸውም መኪናዋ ስታንስ ሁሉም ነገር አብሮ ማነስ አለበት። አካሏ ብቻ ሳይሆን የቀለሙ ውፍረት፣ የበሩ ስንጥቅ፣ አቧራውም ጭምር።

1ኛ/ ልኩ

የቮልስ ምርት እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ ቢያበቃም መኪናዋ በአገራችን መንገድ ላይ ዛሬም አልጠፋችምና ሜትር ይዞ መለካት ይቻላል። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ስፋቷ 1 ሜትር ከ54፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 ግድም ነው። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2 ሜትር ከ40 ነው። እነዚህን ለ24 ስናካፍል ርዝመቷ 17 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቷ 6.4፣ ቁመቷ 6.25፣ የጎማዎቹ ርቀት ደግሞ ልክ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቸርኬዋ 15 ኢንች ስለሆነ በሞዴሉ 1.6 ሳንቲ ሜትር ይመጣል።

እንግዲህ አንድ የካርቶን ሰው ቁረጡ። 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በዚህ መስፈርት 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አጠገቧ ስታቆሙት ጣራዋ አገጩ ላይ ከደረሰና በበሯ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ከመሰለ ልኩ ተገኝቷል ማለት ነው። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ያ ልጅ ባልጠየቀኝ ነበር።

2ኛ/ አካሏ

የጎንና የፊት ቅርጿን በባለካሬ ወረቀት ላይ ሣሉና በዋንዛ እንጨት ላይ ለጥፉት። መጀመሪያ በመጋዝ፣ ቀጥሎ በሞረድ፣ በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ፓራፋንጎዎቹ ከአካሉ ወጣ ያሉ ስለሆኑ ለብቻ ተጠርበው ይጣበቁ። የእንጨቱን ቀዳዳ በስቱኮ ድፈኑና ሲደርቅ እንደገና አለስልሱት። የበሮቹንና የኮፈኑን መስመር ቀለም ከመቀባቱ በፊት በመርፌ ጫፍ ጫሩ። ከዚያ በመስኮት ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ተመልከቱ፤ ብርሃኑ የተሰበረበት ቦታ ሁሉ ገና ጎርበጥ ያለ ነው።

በሣጥን የሚሸጠውን የፕላስቲክ ሞዴል ያገኘ ሰው ቅርጹ ተሠርቶለታል። እርሱ ክፍሎቹን በስለት ቆርጦ፣ ትርፍራፊውን ፍቆ፣ ያለ ሙጫ ገጣጥሞ ይሞክር፤ ከዚያም በሳሙና ይጠብ። ቅባት ካለው ቀለም አይይዝለትም። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ አንድ ነው።

3ኛ/ ቀለሙ

ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በብሩሽ የተለቀለቀ ቀለም አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቢወፍር በ24 ሲባዛ 2.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያን ያህል ወፍራም ቀለም የተቀባ መኪና የት ታይቶ ያውቃል? ሞዴሏን አሻንጉሊት የሚያስመስላት ይኸው ነው።

ስለዚህ የዘይት ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥኑት። መጀመሪያ ግራጫ መሠረት ቀቡ፤ ቀጥሎ ቀለሙን ሦስት አራት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ደራርቡ። እያንዳንዱ አንድ ሌሊት ይደር፤ በየመካከሉም በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እሹት። የመጀመሪያው ቅብ እንጨቱን ባይሸፍን አትደንግጡ። እኔ በአንድ ጊዜ ልጨርስ ብዬ ቀለሙ እንደ እንባ ወረደ፤ ሳይደርቅ ባነሳት ደግሞ የአውራ ጣቴ አሻራ ቀረባት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ሌላም አለ። ሞዴሏን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ስናያት እውነተኛዋን በ7 ሜትር ከ20 እንደማየት ነው። ርቀት ቀለምን ያደበዝዛል። በመሆኑም ቀለሙ ላይ ጠብታ ነጭ መጨመር ይበጃል።

አደራ! አኳራጅ እሳት ይወዳል፤ ሽታውም ራስ ያዞራል። መስኮት ከፍታችሁ፣ ከምድጃና ከሲጋራ ርቃችሁ ሥሩ። የመኝታ ክፍል የቀለም ቤት አይደለም።

4ኛ/ ዕድሜዋ

በጫራችሁት የበር መስመር ውስጥ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም አፍስሱና የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ። ለፓራውልቱ የማስቲካ ብርማ ወረቀት ይበቃል። መስኮቱ በጥቁር ግራጫ ተቀብቶ ያብረቅርቅ፤ ጎማው ግን አያብረቅርቅ፤ ድፍን ጥቁርም አይሁን፣ ወደ ግራጫ ያዘንብል።

አቧራው ከእጃችን አለ። ቡናማ ጠመኔ ፍቃችሁ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ አስነኳት። ነገር ግን አቧራም ሕግ አለው፤ ከጎማ ኋላና ከበር ግርጌ ይበዛል፣ ጣራ ላይ ይሳሳል፣ መጥረጊያው በሚያልፍበት መስታወት ላይ የለም። ጥርጣሬ ካላችሁ የቆመች መኪና ሄዳችሁ አስተውሉ፤ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ታስተምራለች።

ሁለተኛዋን ቮልሴን በዚህ መንገድ ሠርቼ ሌላ ክፍል ገባሁ። የካርቶኑን ሰው ግን አውቄ 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል አድርጌ ቆረጥኩት። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ልጅ ማስመሪያዋን ይዛ ወጣች፤ ለካች፣ በ24 አባዛች፤ «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ ከሁለት ሜትር በላይ ነው፤ ተሳስተዋል» አለችኝ።

የዚያን ቀን ውድርን አስተማርኩ።